የሻጭ ዝምታ ሐሰት ይሆናልን?

ሐሰት ምንድን ነው ቢባል መልስ የሚያጣ ሰው ያለ አይመስለንም። ያልሆነውን ሆነ፣ የሌለውን አለ ብሎ መናገር ነው። ዳሩ ግን አንዲት የሐሰት ቃል ሳይናገር ሌላውን ያሳሳተ ሰው ቢገኝ፣ ይህን ሰው ምን ብለን እንጠራዋለን? ጥያቄውን ከመጽሐፍ ያነሣነው አይደለም። ያመጣችብን አንዲት ቀለበት ናት፤ ያየናትም ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በይፋት ቆላ ባለችው በአጣዬ ከተማ፣ በአንድ ሽማግሌ አንጥረኛ ቤት ነው።

በዚያው አገር የሚያስተምር አንድ ወጣት ወዳጃችን ሚስት ሊያገባ ባሰበ ጊዜ፣ ወደ አዲስ አበባ ወጥቶ ከአንድ የጌጣጌጥ መደብር ሰማያዊ ፈርጥ ያለባት ቀለበት ገዛ። ፈርጡ ምን እንደ ሆነ ቢጠይቅ «ሰንፔር ነው» አሉት። ከደመወዙ ወር ከወር እየቀነሰ ያጠራቀመውን ገንዘብ ቆጥሮ ሰጠና ደስ ብሎት ተመለሰ። ከእጮኛዪቱ ዘመዶች አንዱ የሥነ ምድር ትምህርት የተማረ ነበርና ቀለበቷን በማጉያ መነጽር ቢመለከታት፣ በሰማያዊው ውስጥ እንደ ቀስት የጎበጡ ቀጫጭን መስመሮችና ጥቃቅን የአየር አረፋዎች አየ። ምድር የወለደችው ሰንፔር የቀለም መስመር ቢኖርበት ቀጥ ያለና በማዕዘን የሚታጠፍ ነው እንጂ አይጎብጥም። ድንጋዩ በፋብሪካ ምድጃ የተሠራ መሆኑ በዚህ ታወቀ። ወጣቱ እየተናደደ ወደ ሻጩ ተመልሶ ቢጠይቀው፣ ሻጩ ድምፁን እንኳ ከፍ ሳያደርግ፦ «ጌታዬ፣ ሰንፔር አይደለም ያለዎት ማን ነው? ሰንፔር ነው። ከምድር ተቆፍሮ ወጥቷል ብዬ የነገርኩዎት ቃል ካለ ይንገሩኝ» አለው። ወጣቱ ያን ቃል ቢያስታውስ ቢያስታውስ አላገኘውም፤ አልተባለምና።

እውነቱን ለመናገር ሻጩ በስሙ አልተሳሳተም። ሰንፔር የምንለው ኮረንደም የተባለው ማዕድን ነው፤ ይኸውም ከአልሙኒየምና ከኦክስጅን የተዋቀረ ሆኖ፣ በጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን እርሱ 9 ነው። ንጹሑ ቀለም የለውም፤ ጥቂት ብረትና ቲታኒየም የገባበት ሰማያዊ ይሆናል፤ ክሮሚየም የገባበት ቀይ ይሆንና ሩቢ ይባላል። ኦገስት ቬርኔይ የተባለ ፈረንሳዊ የኬሚስትሪ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1902 ዓ.ም. የማዕድኑን ዱቄት በነበልባል ውስጥ በማሳለፍና በማቅለጥ ቀዩን ድንጋይ ለመሥራት እንደሚቻል አስታወቀ፤ ከጥቂት ዓመታት በኋላም ሰማያዊው ተሠራ። እንዲህ ሆኖ የተሠራው ድንጋይ በጥንካሬውም፣ በክብደቱም፣ ብርሃንን በመስበሩም ከምድሩ ጋር አንድ ነው። የሚለያዩት በልደታቸው ነው፤ አንዱ በምድር ሆድ ለመቁጠር የሚያስቸግር ዘመን የኖረ፣ ሌላው በጥቂት ሰዓት ያደገ። በዋጋ ግን እጅግ ይራራቃሉ።

ስሙም ራሱ ከቦታ ቦታ የተዘዋወረ ነው። በኦሪት በሊቀ ካህናቱ የደረት ልብስ ላይ ከተቈጠሩት ዕንቁዎች መካከል ሰንፔር የተባለው፣ ብዙ ሊቃውንት እንደሚሉት፣ ዛሬ በዚህ ስም የምንጠራው ሳይሆን ላፒስ ላዙሊ የሚባለው ሌላ ሰማያዊ ድንጋይ ነው። ስለዚህ «ሰንፔር ነው» የሚለው ቃል ብቻውን ብዙ የሚያስጨብጥ አይደለም።

ሻጩ ሐሰት አልተናገረም ብለን ነገሩን እንዳንተወው ግን ከዚያ ወዲያ የሆነው ነገር ያግደናል። የልጅቱ አባት ጉዳዩን በሰሙ ጊዜ ወጣቱን እንጂ ሻጩን አልተቀየሙም። «ርካሹን ገዝቶ ውድ ነው ብሎ ሰጠን» አሉ። ወጣቱም ለእጮኛው፣ ለአማቶቹና ለሽማግሌዎቹ «እውነተኛ ሰንፔር ነው፤ ይህን ያህል ከፍዬበታለሁ» ብሎ በሙሉ ልቡ ተናግሮ ነበር። እንግዲህ ሻጩ ዝም በማለቱ ንጹሕ ሆኖ ሲቀር፣ ምንም የማያውቀው መምህር በሰው ፊት ሐሰተኛ ሆነ ማለት ነው። ሐሰቱ ከአንዱ አፍ ሳይወጣ ቀርቶ በሌላው አፍ ወጣ። ይህን ስናይ ዝምታ ባዶ ነገር ነው፣ ከዝምታ የሚመጣ ጉዳት የለም የሚለው አነጋገር አላረካንም።

ቀለበቷ ለልጅቱ ጣት ሰፍታ ኖሮ ለማጥበብ ወደ አንጥረኛው የመጣችው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የሽማግሌው ቤት፣ በ2013 ዓ.ም. በመጋቢትና በሚያዝያ በአጣዬ ላይ ከደረሰው ቃጠሎ በኋላ እንደ ገና የተሠራ ጠባብ የቆርቆሮ ቤት ነው። ወናፋቸውን አቁመው ወጣቱን በጥሞና ካዳመጡት በኋላ፦ «ልጄ፣ እኔና አባቴ ስንት የጠገራ ብር አቅልጠናል! ሁሉም ላይ የተጻፈው ዓመት አንድ ነው። ሁሉም በአንድ ዓመት የተሠራ ይመስልሃልን?» አሉት።

ለወጣት አንባቢዎቻችን ነገሩን እናስረዳ። ጠገራ ብር የተባለው የኦስትሪያ ንግሥት የማርያ ቴሬዛ መልክ ያለበት ገንዘብ ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1780 ዓ.ም. ነው፤ ዳሩ ግን ከሞተች በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ብሩ በቪየና፣ በኋላም በሮም፣ በለንደንና በቦምቤይ ሲመታ ሁልጊዜ የሚጻፍበት 1780 ነበር። አንዱ ብር ከ28 ግራም ጥቂት ይበልጣል፤ ከሺሁ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር ነው። የሸዋና የወሎ አንጥረኞች አንገት ላይ የሚንጠለጠለውን መስቀል፣ ድሪውንና አልቦውን የሠሩት አብዛኛውን ጊዜ ይህንኑ እያቀለጡ ነው። ከዘይላና ከታጁራ በይፋት በኩል ወደ ደጋ የሚወጡት ነጋዴዎች ይገበያዩበት የነበረውም እርሱ ነው። ገበያተኛውም በቀላሉ የሚታለል አልነበረም፤ በንግሥቲቱ ትከሻ ላይ ያለውን የጌጥ ነጠብጣብ ሳይቀር እየቈጠረ፣ የተፋቀውንና የደበዘዘውን እየመለሰ ይቀበል ነበር።

እንግዲህ ይህ ብር በግንባሩ ላይ ሐሰት ተጽፎበታል። በለንደን በ20ኛው መቶ ዓመት ተመትቶ ሳለ በ1780 ተመታሁ ይላል። ሆኖም በዚህ ብር ተታለልሁ ብሎ የጮኸ የይፋት ገበሬ አልነበረም። ስለ ምን? ተቀባዩ የሚፈልገው የብሩን ልደት ሳይሆን ብርነቱን ስለ ነበረ ነው። ብርነቱ ደግሞ አልጐደለም። የወጣቱ ቀለበት በዚህ ተቃራኒ ነው። በቃል የተነገረው ሁሉ እውነት ሆኖ ሳለ፣ ገዥው የፈለገው ነገር፣ ማለት ከምድር የወጣ ብርቅ ድንጋይ፣ በውስጡ የለም። የተጻፈ ሐሰት ያላታለለበትን፣ የተነገረ እውነት ያታለለበትን አየን። ስለዚህ በእኛ አስተያየት የሐሰት መለኪያው በቃሉና በነገሩ መካከል ያለው ስምምነት ብቻ አይደለም፤ ሰውዬው የሚጠይቀው ምንድን ነው? የሚለውም አብሮ መመዘን አለበት። ወጣቱ «ድንጋዩ ምንድን ነው?» ብሎ ሲጠይቅ የኬሚስትሪ ትምህርት አልጠየቀም። ሻጩም ይህን አሳምሮ ያውቅ ነበር፤ ያውቅ ባይሆን ኖሮ የምድሩን ዋጋ አይቀበልበትም ነበር።

ይህ ክርክር ዛሬ የተጀመረ አይደለም። ሲሴሮ የተባለው የሮማ ሊቅ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ44 ዓመት ስለ ግዴታዎች በጻፈው መጽሐፍ የሚያነሣው አንድ ምሳሌ አለ። በሮዴስ ደሴት ረኀብ ገብቶ ሳለ አንድ ነጋዴ እህል ጭኖ ከእስክንድርያ ደረሰ። ሌሎች ብዙ መርከቦች እህል ይዘው ከኋላው እየመጡ መሆናቸውን በመንገድ አይቷል። ይህን ለሮዴስ ሰዎች ይንገራቸውን ወይስ ዝም ብሎ በውድ ይሽጥ? የባቢሎን ሰው ዲዮጋን፣ መደበቅ ሌላ ነው፣ አለመናገር ሌላ ነው፤ ሻጭ ሕግ የሚያዝዘውን ጉድለት ከተናገረና ካላጭበረበረ ሌላው የራሱ ጉዳይ ነው ይላል። ደቀ መዝሙሩ አንቲጳጥሮስ ግን፣ ሰው ሁሉ በአንድ ማኅበር የተሳሰረ ነውና ገዥው ሊያውቀው የሚጠቅመውን ነገር ሻጭ ሊሰውርበት አይገባም ይላል። ሲሴሮም ከአንቲጳጥሮስ ጋር ይስማማል፤ ለራስ ጥቅም ሲባል ሌላው ሊያውቀው የሚገባውን እንዳያውቅ መፈለግ መደበቅ ነው ብሎ ይፈርዳል።

እኛም ወደዚሁ እናዘነብላለን፤ ሆኖም የዲዮጋንን ክርክር እንደ ቀላል አናየውም። በሰንበቴ የእሑድ ገበያ፣ አፋሩ፣ ኦሮሞው፣ አርጎባውና አማራው በሚገናኙበት በዚያ ሰፊ ሜዳ፣ በሬ ሊገዛ የመጣ ሰው የበሬውን አፍ ከፍቶ ጥርሱን ያያል፤ ሻኛውን ይዳስሳል፤ አስነድቶ አረማመዱን ይመለከታል። ሻጩ በሬዬ ሰነፍ ነው ብሎ አዋጅ እንዲነግር የሚጠብቅ የለም። ሁለቱም ዓይን አላቸው፤ ሁለቱም በሬ ያውቃሉ። ዝም ቢባባሉ ተካክለው ነው። በሰንፔር ነገር ግን ገዥው ዕውር ነው። ሺህ ጊዜ ቢያገላብጠው፣ ወደ ፀሐይ ቢያነሣው፣ በምላሱ ቢልሰው ልደቱን አያውቅም። የገዥው ዓይን በማያይበት ቦታ የሻጩ አፍ እንዲናገር ግድ ነው እንላለን። ዝምታው የሚከብደውም በዚህ መጠን ነው።

ከዚህ ላይ አንድ ችግር ይመጣል። ሰንፔርን ለጌጥ የሚያዘጋጅ ባለ እጅ ሁሉ የድንጋዩን መልክ ከተፈጥሮው አሻሽሎ የሚያሳይ ነው። ከዚህ ሁሉ የትኛው ጥበብ፣ የትኛው ተንኮል ይባላል? ለምሳሌ በስሪላንካ የሚገኝ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ቀለሙ በሁሉም በኩል እኩል አይደለም፤ አካሉ ነጣ ብሎ በአንድ ጥግ ብቻ ሰማያዊ ነጥብ ይኖርበታል። ብልኁ ቀራጭ ያችን ነጥብ በፈርጡ ግርጌ እንድትውል አድርጎ ይቀርጸዋል። ብርሃኑ ከግርጌዋ ተነሥቶ በገጾቹ ሁሉ ሲንጸባረቅ፣ ከላይ ለሚያየው መላው ድንጋይ ሰማያዊ ይመስለዋል። ይህን ማታለል የሚል ሰው ቢኖር እኛ አንቀበለውም፤ ድንጋዩን በጎኑ አዙሮ ያየ ሁሉ ያገኘዋልና። የእሳቱ ነገር ግን ከዚህ ይጠልቃል። በጥንት ዘመን የተናቀው፣ እንደ ወተት የደፈረሰው የስሪላንካ ድንጋይ ከ1,600 ዲግሪ በሚበልጥ ሙቀት ሲግል ድፍርሱ ቀልጦ ሰማያዊነቱ እንደሚወጣ ታወቀ። ከእንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1970ዎቹ ዓመታት ወዲህ በታይላንድ ሥራው እየተስፋፋ ሄዶ፣ ዛሬ በዓለም ገበያ ከሚሸጠው ሰንፔር አብዛኛው በእሳት ያለፈ ነው። ቀለሙ አይለቅም፤ ድንጋዩም ያው ድንጋይ ነው፤ ምድር የጀመረችውን እሳት ፈጸመው ማለት ይቻላል። ነጋዴው «በእሳት አልፏል» ብሎ ይናገር እንጂ ነውር የለበትም። ሳይነገር ከቀረ ግን፣ እሳት ያልነካው ድንጋይ በጣም ብርቅና ውድ ስለ ሆነ፣ ዝምታው ዋጋ ያስከፍላል። ከዚያም ወዲህ ቤሪልየም የሚባለውን ንጥረ ነገር ከእሳቱ ጋር አስርጎ ቀለሙን የሚለውጥ መጣ፤ በእንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 እና በ2002 ዓ.ም. ይህ ሳይነገር ወደ ገበያ ገብቶ ዕንቁ ነጋዴውን ዓለም አስደንግጧል። የተሰነጠቀውን ድንጋይ በቀለም ብርጭቆ ሞልቶ የሚያቀርብም አለ፤ ይኸኛው ሎሚ ሲነካው እንኳ የሚጎዳ ነው። አንጥረኛ ሳያውቅ በእሳት ቢያሞቀው በእጁ ላይ ይበላሽበታል። የሻጭ ዝምታ በዚህ ጊዜ የሦስተኛ ሰው እንጀራ ያሳጣል።

ሕጋችንም በዚህ ነገር ዝም አላለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጭ ለሸጠው ዕቃ ጉድለት ዋስ እንዲሆን ይደነግጋል። ሆኖም ዳኛ ፊት ለመቆም ጉድለቱን ማወቅ ያሻል፤ ማወቅ ደግሞ መነጽርና ትምህርት ይጠይቃል። ዘመድ የሥነ ምድር ምሁር ያልሆነለት ሙሽራ ዕድሜውን በሙሉ ሳያውቅ ይኖራል። ምናልባትም ደስ ብሎት ይኖራል፤ ታዲያ ማን ተጎዳ? የሚል ሙግት ሰምተናል። ለዚህ ሙግት ምላሻችን አጭር ነው፤ ሻጩ ራሱ ለልጁ ሠርግ ዝም ተብሎ ሊሸጥለት ይወድ እንደ ሆነ ይጠየቅ።

እስካሁን የተናገርነው ሁሉ ሻጩን የሚከስ ነው፤ እኛም በአንጥረኛው ቤት ተቀምጠን ይህንኑ በቁጣ ስንናገር ቆየን። ሽማግሌው ግን ቀለበቷን በጉጠት ይዘው እያዞሩ፦ «ሻጭ ብቻ ነው እንዴ ዝም የሚል?» ብለው ጠየቁ። ጥያቄያቸው ወደ ቤታችን እስክንመለስ ድረስ አልለቀቀንም።

አገራችን ዛሬ የከበረ ድንጋይ አገር ሆናለች። ከአጣዬ በላይ ባለው የሰሜን ሸዋ ደጋ፣ በመዘዞ አካባቢ፣ በ1986 ዓ.ም. ግድም ኦፓል ተገኘ፤ በ2000 ዓ.ም. ደግሞ በወሎ በደላንታ፣ በወገል ጤና አጠገብ፣ ከመዘዞው የበለጠ ዝና ያገኘው ኦፓል ወጣ። በ2009 ዓ.ም. በትግራይ ከአክሱም ወዲያ በጭላ አካባቢ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቢጫ ሰንፔር መታየት ጀመረ። ይህን ሁሉ የሚቆፍረው አብዛኛውን ጊዜ ማጉያ መነጽር የሌለው ገበሬና የገበሬ ልጅ ነው፤ በደላንታ በገደሉ ወገብ ላይ ጉድጓድ እየፈለፈለ፣ ነፍሱን አስይዞ። ከእርሱ የሚገዛው ሰው ግን ዋጋውን ያውቃል። እንግዲህ በከተማ ሻጩ ዐዋቂ፣ ገዥው ዕውር እንደ ነበረ፣ በገደሉ አፋፍ ደግሞ ገዥው ዐዋቂ፣ ሻጩ ዕውር ነው። የገዥው ዓይን በማያይበት የሻጩ አፍ ይናገር ካልን፣ የሻጩ ዓይን በማያይበት የገዥው አፍ ሊናገር አይገባምን? አውግስጢኖስ ስለ አንድ ሰው ሲተርክ፣ መጽሐፍ ሊሸጥለት የመጣው ሰው ዋጋውን ባለማወቅ በርካሽ ቢጠይቀው፣ ገዥው ሳይጠየቅ ትክክለኛውን ዋጋ ሰጠው ይላል። ታሪኩን ስናነበው ደስ ይለናል፤ ለማድረግ ግን፣ እንናገረው እንጂ፣ አልቻልንም።

ባለፈው ዓመት በሰንበቴ ገበያ ከመንዝ የወረደ አንድ ወጣት በፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ውሃ ሞልቶ ጥቂት ቡናማ ድንጋዮች ይዞ አገኘነው። አንደኛው ጎኑ ተሰብሮ በውስጡ ቀይና አረንጓዴ እሳት ይታይ ነበር። ምን እንደ ሆነ ወዲያው ዐወቅን። አዲስ አበባ ምን ያህል ሊያወጣ እንደሚችልም እንገምት ነበር። ልጁ ሁለት መቶ ብር ጠየቀ፤ እኛም፣ የሚያሳፍረው ይህ ነው፣ ተከራክረን በመቶ ሃምሳ ወሰድነው። መንገዱን ሁሉ ደስ ብሎን ሄድን። ድንጋዩን ከውሃው አውጥተን በጠረጴዛችን ላይ ባኖርነው በሦስተኛው ሳምንት ግን ከዳር እስከ ዳር እንደ ሸረሪት ድር ተሰነጣጠቀ። ኦፓል በውስጡ ውሃ ያለበት ድንጋይ ነው፤ የመዘዞው ደግሞ ሲደርቅ የመሰንጠቅ ጠባይ እንዳለው ማዕድን ዐዋቂዎች ሁሉ ይናገራሉ። ልጁ በውሃ ውስጥ ያኖረው ይህን ዐውቆ ይሁን ወይስ ቀለሙ እንዲያምር ብቻ፣ አልጠየቅነውም፤ እርሱም አልነገረንም። እኛም አልነገርነው።

ከዚያ ወዲህ ሁለት እሑድ ሰንበቴ ወርደን ልጁን ፈለግነው፤ አላገኘነውም። የወጣቱ ወዳጃችን ነገር በደኅና አልቋል፤ የምድጃ ድንጋይ መሆኑን ለአማቶቹ ራሱ ተናግሮ፣ ቀለበቷ ጠባ ዛሬ በልጅቱ ጣት ላይ ናት። ቀለበቷን ሊቀበል በሄደ ቀን አብረነው ሄድን፤ የተሰነጠቀውንም ድንጋይ ይዘን ነበር። ሽማግሌው አንጥረኛ ወደ በሩ ብርሃን ወስደው ብዙ ጊዜ አገላበጡት።

«ጀርባውን በብር ዘግቼ፣ የብሩን ከንፈር ትንሽ ወደ ላይ ብመልሰው፣ ስንጥቁ አይታይም» አሉ። «ሲያዩት ደኅና ነው የሚመስለው። ብቻ ለማን ሊሰጡት እንደ ሆነ አስቀድመው ይንገሩኝ።»

ድንጋዩን መልሰን በኪሳችን ከተትነው። እስከ ዛሬም በጠረጴዛችን ላይ ነው።